ሚኒባስ የጎልፍ ኳስ አይደለም፦ ስለ ስርጉድ ገጽ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጎልፍ ኳስ ስርጉዶች፣ ማለትም ገጹ ላይ ስላሉት ትንንሽ ጎድጓዳዎች፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ለኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። ከላኩልኝ ሰዎች መካከል የሚኒባስ ባለንብረቶች ይገኙበታል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «እውነት ነው? ገንዘብ ላውጣበት?» ይህን ምላሽ የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የጎልፍ ኳስ ስርጉድ ስላለው ከለስላሳ ኳስ እጥፍ ርቀት ይሄዳል። ስለዚህ ስርጉድ ያለው ገጽ ሁሉ የአየር ተቃውሞው ያንሳል። ምክንያቱ ደግሞ በየስርጉዱ ውስጥ የሚቀረው አየር እንደ ኩሽኔታ ስለሚያንሸራትት ነው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ተሞክሮ ነዳጅ ቆጥቧል። አውሮፕላን ሠሪዎች ይህን እያወቁ ዝም ብለዋል። በዚያ ላይ ስርጉድ ሙቀትን ያለ ምንም ኪሳራ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ለራዲያተርም ለድስትም ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጸሐፊው ስርጉድ ያለው ፕላስቲክ በሚኒባስ ጣሪያና ጎን ላይ እንዲለጠፍ ይመክራሉ።

የጎልፍ ኳሱ ነገር እውነት ነው። የሙቀቱም ነገር ግማሽ እውነት አለው። ችግሩ ጸሐፊው ስርጉድን በራሱ ጥቅም የሚሰጥ ነገር አድርገው ማየታቸው ነው። ስርጉድ ሁልጊዜ ያስከፍላል። ክፍያው ሰበቃ ነው። በዚያ ክፍያ የሚገዛ ነገር ካለ ያዋጣል፤ ከሌለ ኪሳራ ብቻ ነው። ነጥቦቻቸውን አንድ በአንድ የማየውም በዚህ ዓይን ነው።

«ስርጉድ ያለው ገጽ ሁሉ ከለስላሳው ይሻላል»

የጎልፍ ኳሱ ታሪክ በጽሑፉ ውስጥ ካለው የበለጠ ይጥማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኳሱ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ ይሠራ ነበር። አዲሱ ኳስ ለስላሳ ነው። ተጫዋቾቹ ግን የተጫረና የተፋፋቀው አሮጌ ኳስ ከአዲሱ እንደሚርቅ ልብ አሉ። ከዚያ በኋላ አዲሱን ኳስ ሆን ብለው ይጭሩት ጀመር። ዊልያም ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ዛሬ ለምናውቀው ስርጉድ ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ግን ከጎልፍ ሜዳ ርቆ ነው። ፓሪስ ላይ ግንቡን የገነባው ጉስታቭ ኤፌል በኋለኛው ዕድሜው ወደ አየር ጥናት ገብቶ ነበር። በ1912 በንፋስ መሞከሪያ ዋሻው ውስጥ ለስላሳ ኳሶችን ሲለካ ያልተጠበቀ ነገር ገጠመው። ነፋሱ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ የኳሱ የድራግ ቁጥር፣ ማለትም ቅርጹ አየርን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚለካው ቁጥር፣ ድንገት ወረደ። ጎቲንገን ያሉት ጀርመኖች የለኩት ቁጥር ደግሞ ከእሱ ከእጥፍ በላይ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ከሁለቱ የተሳሳተ አልነበረም። የለኩት በተለያየ ፍጥነት ነው።

እንቆቅልሹን የፈታው ጀርመናዊው የፍሰት ተመራማሪ ሉድቪግ ፕራንትል ነው። በ1914 ቀጭን የሽቦ ቀለበት በለስላሳው ኳስ ፊት ላይ አደረገ። ለስላሳ ኳስ ላይ ሽቦ ሲጨመር ተቃውሞው የሚጨምር ይመስላል። ቀነሰ።

ምን ሆኖ ነው? አየር ኳሱን ሲያልፍ ገጹን የተጠጋ በጣም ስስ ሽፋን ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ ያለው አየር በሰበቃ ምክንያት ይዘገያል። ከኳሱ ፊት እስከ ወገቡ ድረስ ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከወገቡ በኋላ ግፊቱ መልሶ ይጨምራል፤ ዳገት ይመጣል። ሽፋኑ ላሚናር ከሆነ፣ ማለትም በተረጋጋ ንብርብር የሚፈስ ከሆነ፣ ገጹ አጠገብ ያለው አየር ዳገቱን የሚወጣበት ጉልበት የለውም። ገና ከፊተኛው ጫፍ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ከገጹ ይላቀቃል። ከኳሱ ኋላ ሰፊና የተረበሸ፣ ግፊቱ የወረደ አካባቢ ይቀራል። ኳሱን ወደ ኋላ የሚስበው እሱ ነው።

ሽፋኑ ተርቡለንት ሲሆን፣ ማለትም እየተናወጠና እየተቀላቀለ ሲፈስ፣ ሁኔታው ይለወጣል። ትንንሽ ሽክርክሪቶች ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ገጹ ያወርዱታል። ገጹ አጠገብ ያለው አየር ጉልበት ያገኛል። ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ሳይላቀቅ ይሄዳል። ከኋላ ያለው የተረበሸ አካባቢም ይጠባል። የፕራንትል ሽቦ የሠራው ይህንን ነው። የቴይለርም ስርጉድ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያለፉትን ነገር ልብ በሉ። ስርጉዱ የገጹን ሰበቃ አልቀነሰም፤ ጨመረው። ነገር ግን የለስላሳ ኳስ ተቃውሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከኋላው ካለው የግፊት መውረድ ነው። ትንሽ ሰበቃ ተከፍሎ ትልቁ ተቃውሞ ተቀነሰ። ለዚያ ነው ያዋጣው።

ቁጥሩን እንየው። በደንብ የተመታ የጎልፍ ኳስ በሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ይነሳል። በዚያ ፍጥነት ለስላሳ ቢሆን የድራግ ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ነው፤ ስርጉድ ሲኖረው 0.25 አካባቢ። ወደ ኃይል ስንለውጠው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 2.1 ኒውተን የነበረው ወደ 1 ኒውተን ይወርዳል ማለት ነው። ኳሱ ራሱ የሚመዝነው 0.45 ኒውተን ብቻ ነው። ለስላሳውን ኳስ አየሩ ከክብደቱ ከአራት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ይህን የሚለውጠው ስርጉድ ጥልቀቱ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። እኔ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ግን ይህ የሚሠራው በተወሰነ ክልል ውስጥ ነው። ክልሉን የሚወስነው የሬይኖልድስ ቁጥር የሚባለው ነው፤ ፍጥነትን፣ መጠንን፣ የአየሩን ጥግግትና ዝልግልግነት አንድ ላይ የሚያይ ቁጥር። የጎልፍ ኳስ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሲበር ስርጉዱ ይህን ጥቅም አይሰጥም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ለስላሳው ኳስ ራሱ ሽፋኑ ተርቡለንት ይሆንለታል። ለጎልፍ ኳስ መጠን ይህ የሚሆነው በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርስ የለስላሳው የድራግ ቁጥር ወደ 0.1 ይወርዳል። ባለስርጉዱ 0.25 አካባቢ ላይ ይቀራል። በዚያ ፍጥነት ለስላሳው ያሸንፋል! ጎልፍ የሚመታ ሰው እዚያ ስለማይደርስ ነው ስርጉዱ የሚያዋጣው። «ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው እዚሁ ይወድቃል፤ ራሱ የጎልፍ ኳሱ ይጥለዋል።

የ2010ሩን የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ያየ ሰው ይህንኑ በዓይኑ አይቷል። የውድድሩ ኳስ ጃቡላኒ ስምንት ቁራጭ ብቻ ነበራት፤ ስፌቷ ጥቂት፣ ገጿ ለስላሳ። የኳስ ስፌት የስርጉድን ሥራ ይሠራል። ስፌቱ ሲቀንስ የድራግ ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ፍጥነት ወደ ላይ ወጣና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አረፈ። ጠንካራ ቅጣት ምት የሚመታበት ፍጥነት ማለት ነው። ግብ ጠባቂዎቹ ኳሷ አየር ላይ ትዋልላለች ብለው ያማረሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ «እጥፍ ርቀቱ» አንድ ነገር ልጨምር። የጎልፍ ኳስ ሲመታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ነው የሚበረው። ይህ ሽክርክሪት ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል ይሰጠዋል። ስርጉዱ ይህንንም ያግዛል። ለስላሳ ኳስ ላይ ግን በአንዳንድ ፍጥነቶች ይኸው ኃይል ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ርቀቱ እጥፍ የሚሆነው በሁለቱም ምክንያት ነው። መኪና አየር ላይ እየተሽከረከረ አይሄድም።

«በስርጉዱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ኩሽኔታ ያንሸራትታል»

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእያንዳንዱ ስርጉድ ውስጥ በእርግጥም ትንሽ የሚዞር አየር አለ። በ2006 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በሉል ላይ ያሉ ስርጉዶችን በቅርበት ለክተው አሳይተውታል። አየሩ ስርጉዱ ጫፍ ላይ ይላቀቃል፤ ከላዩ ያለው ስስ ንብርብር ይናወጣል፤ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ይዞ መልሶ ገጹ ላይ ያርፋል። ጥቅሙ ያለው እዚህ መናወጥና ማረፍ ላይ ነው እንጂ መንሸራተት ላይ አይደለም።

የፕራንትልን ሽቦ አስታውሱ። ሽቦ አየር የሚያጠራቅም ጎድጓዳ ቦታ የለውም። ግን ተመሳሳይ ውጤት አምጥቷል። የኩሽኔታው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ሽቦው ምንም ባልሠራ ነበር። ደግሞም በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስርጉድ ቢደረደር ትልቅ ቅናሽ መታየት ነበረበት። እሱም አልታየም። ወደ አውሮፕላኑ ስንደርስ አነሳዋለሁ።

«በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተረጋግጧል፤ ሚኒባስ ላይም ይሠራል»

ጸሐፊው የጠቀሱት ሚዝበስተርስ በሚባለው ዝግጅት በ2009 የቀረበውን ነው። መኪናውን በሸክላ ጭቃ ሸፈኑት፤ መጀመሪያ ለስላሳ አድርገው፣ ከዚያ ስርጉድ ቆፍረውበት ነዱት። ክብደቱ እንዳይለወጥ የተቆፈረውን ጭቃ እንኳ መኪናው ውስጥ ጭነውታል። ይህ ጥንቃቄ ይመሰገናል። ለስላሳው በጋሎን 26 ማይል ሄደ፤ ባለስርጉዱ 29 ማይል።

ውጤቱን አልክድም። ግን አንድ መኪና፣ አንድ ወፍራም የጭቃ ልብስ፣ መንገድ ላይ የተለካ ነዳጅ ነው። ከዚያ ተነስቶ የማንኛውንም መኪና ጣሪያ ፕላስቲክ ማልበስ አይቻልም። መኪና አምራቾች የድራግ ቁጥር በጥቂት መቶኛ ለመቀነስ ሲሉ የጎን መስታወት ቅርጽ ላይ ወራት ያጠፋሉ። ነዳጅን በአሥር በመቶ የሚቆጥብ ርካሽ ዘዴ ቢኖር ኖሮ መንገዱ በባለስርጉድ መኪና በተሞላ ነበር።

ለመኪናና ለኳስ መለያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው። አራት ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ገጹን የተጠጋው የአየር ሽፋን የፊት በሩ ላይ ሳይደርስ ተርቡለንት ሆኗል። ስርጉድ ሊያመጣው የሚፈለገው ነገር አስቀድሞ ያለ ነው። የቀረው ክፍያው ብቻ ነው።

ሚኒባሱን ደግሞ ከኋላ ቆማችሁ እዩት። ጀርባው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። አየሩ ጣሪያውንና ጎኑን ተከትሎ መጥቶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይላቀቃል። ጉልበት ቢኖረውም ባይኖረውም ይላቀቃል፤ ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ አይችልም። ኳስ ላይ የመላቀቂያው ቦታ ወደ ኋላ ሊገፋ የሚችለው ክብ ስለሆነ ነው። ሚኒባስ ላይ ቦታውን የወሰነው የቆርቆሮው ጠርዝ ነው። ስርጉዱ የሚገዛው ነገር የለም።

ይህን ዓይነት ዘዴ መኪና ላይ በትክክል የተጠቀሙ መሐንዲሶች አሉ። የሚትሱቢሺ ሰዎች ላንሰር ኢቮሉሽን የሚባለውን መኪና ሲሠሩ የጣሪያው የኋላ ጫፍ ላይ ትንንሽ ክንፎች ደረደሩ። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። አየሩ በኋላ መስታወቱ ላይ ተዳፍቶ ከሚላቀቅበት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እሱም ተዳፋት ጀርባ ባለው መኪና ላይ ነው። በ2004 ያሳተሙት ውጤት የድራግ ቁጥሩ በ0.006 መቀነሱን ያሳያል። በቦታው የተተከለና በባለሙያ የተለካ ነገር ይህን ያህል ነው ያመጣው።

አሁን ወደ ከተማችን ሚኒባስ እንምጣ። ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ 2,500 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ጎማው ለመንከባለል ብቻ ወደ 300 ኒውተን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእኔ ስሌት የአየሩ ተቃውሞ ከ50 ኒውተን አይበልጥም። ፕላስቲኩ በተአምር የአየሩን ተቃውሞ በአሥር በመቶ ቢቀንስ እንኳ ከጠቅላላው የሚተርፈው ከአንድ ተኩል በመቶ በታች ነው። በየፌርማታው መቆምና መነሳቱ የሚበላው ነዳጅ በዚህ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ ለባለንብረቶቹ መልሴ፦ አታውጡ። ያ ገንዘብ ለጎማ ንፋስ መለኪያ ይዋል። ክፍለ ሀገር የምትሠሩ ደግሞ ጭነት በሌለበት ቀን ፖርቶ መጋላውን አውርዱት። በፈጣን መንገድ ላይ ብዙ አየር ያምሳል።

«አውሮፕላን ሠሪዎች እያወቁ ዝም ብለዋል»

ይህ ነጥብ አሳዝኖኛል። ሰው የሚደክምበትን ሥራ እንዳልተሠራ ማድረግ ነው።

የአውሮፕላን ክንፍ የተቀረጸው አየሩ ቀስ ብሎ ተከትሎት እስከ ኋላ ጠርዝ እንዲሄድ ነው። በመደበኛ በረራ ሰፊ የተረበሸ አካባቢ ከኋላው አይተውም። ከገጹ ጋር ካለው ተቃውሞ ትልቁ ድርሻ ሰበቃ ነው። ሰበቃን በሚጨምር ነገር ሰበቃን መቀነስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ታዲያ በደንብ ተጠንቷል። በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች በሙከራም በስሌትም ሞክረው ቅናሽ አላገኙም። በ2016 ከኔዘርላንድ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ጥልቀት የሌላቸው ስርጉዶች በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እስከ 4 በመቶ እንደቀነሱ ተዘገበ። ብዙዎች በጉጉት ተከታተሉት። በ2019 ፊሊፕ ስፓላርትና ባልደረቦቹ በሙከራና በኮምፒውተር ስሌት ሲያዩት ቅናሹን አላገኙትም፤ ትንሽ ጭማሪ እንጂ። ክርክሩ በግልጽ የታተመ ነው። የተደበቀ ነገር የለም።

ሰበቃን በእርግጥ የሚቀንስ ገጽ አለ። ስርጉድ ሳይሆን በፍሰቱ አቅጣጫ የተሰመሩ በጣም ቀጫጭን ቦዮች ናቸው። ሐሳቡ ከሻርክ ቆዳ የመጣ ነው። የጀርመን ኩባንያዎቹ ሉፍታንዛ ቴክኒክና ቢኤኤስኤፍ ሠርተውት ቦይንግ 777 ላይ ተለጥፏል። የሚቆጥበው ነዳጅ 1 በመቶ ገደማ ነው። ለ1 በመቶ አውሮፕላን የሚያለብስ ኢንዱስትሪ ትልቅ ቅናሽ አይቶ ዝም ይላል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

«ስርጉድ ሙቀትን ያለ ኪሳራ ያስተላልፋል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ወደ እውነቱ ቀርበዋል። እኔም ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ የስርጉድ ትክክለኛ ቤቱ እዚህ ይመስለኛል። ያልተስማማሁት «ያለ ኪሳራ» የምትለው ላይ ብቻ ነው።

የሬይኖልድስ ቁጥር በስሙ የተጠራለት ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1874 አንድ ቁልፍ ነገር አስተዋለ። ሙቀትን ከጋለ ገጽ አንስቶ ወደ ፍሰቱ መሃል የሚወስዱት ሽክርክሪቶች፣ የፍሰቱን ፍጥነትም ወደ ገጹ የሚያመጡት እነሱው ናቸው። ሙቀት ቶሎ እንዲወጣ ስታናውጠው ሰበቃውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ኪሳራ መኖሩ ሳይሆን በምን ያህል ኪሳራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወጣ ነው። ስርጉድ የሚያኮራው በዚህ ስሌት ነው።

አንድ ስርጉድ ውስጥ እንግባ። በላቦራቶሪ የተለመደው ጥልቀቱ ከስፋቱ አንድ አምስተኛ የሆነ ነው። አየሩ የፊተኛውን ከንፈር ሲያልፍ ወለሉን ይለቃል። በስርጉዱ የፊት ግማሽ ውስጥ ያለው አየር ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይዞራል። እዚያ ቦታ ላይ ሙቀት የሚወጣው ከለስላሳ ገጽ እንኳ ባነሰ መጠን ነው። ከላይ የመጣው ፈጣን አየር ደግሞ ወርዶ የኋላውን ግማሽ ይመታል። ሙቀቱ የሚጠረገው እዚያ ነው። ከፍተኛው ቦታ የኋላው ከንፈርና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጠፍጣፋ ወለል ነው። ከስርጉዱ መሃል ጥንድ ሽክርክሪት በየተራ ይወጣና በፍሰቱ አቅጣጫ ቀጥሎ ወዳለው ስርጉድ ይሄዳል። ስርጉዶቹ በተሰባጠረ ረድፍ ሲደረደሩ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ይቀበላል።

ውጤቱ ጥሩ ነው። በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ባለስርጉድ ቦይ ከለስላሳው 2 እጥፍና ከዚያ ትንሽ በላይ ሙቀት አስተላልፏል። ግፊት የሚጠፋው ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ አካባቢ ነው። አቋራጭ ሰንበር ያለው ገጽ ሙቀቱን የበለጠ ሊያወጣ ይችላል፤ የሚያጠፋው ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ሰንበር ወደ ፍሰቱ ወጥቶ ይቆማል፤ ስርጉድ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱን አይዘጋም።

መሐንዲሶች ሁለቱን የሚያመዛዝኑበት ዘዴ አለ። «ፓምፑ የሚወስደው ኃይል እኩል ቢሆን የትኛው ይሻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህም የሙቀቱን ጭማሪ ለሰበቃው ጭማሪ ኩብ ሩት ያካፍሉታል። ሙቀቱ 2.1 እጥፍ፣ ሰበቃው 1.8 እጥፍ ከሆነ ውጤቱ 1.7 ገደማ ይመጣል። ከ1 በላይ ነው፤ ያዋጣል ማለት ነው። ለዚህ ነው የጋዝ ተርባይን ምላጭን ከውስጥ ለማቀዝቀዝ ስርጉድ ብዙ የተጠናው። እዚያ ምላጩን የሚመታው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ምላጩ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ግን ከዚያ በታች ይቀልጣል። ማቀዝቀዣው አየር ከሞተሩ ራሱ የሚወሰድ ስለሆነ የሚባክን ግፊት ሁሉ ነዳጅ ነው።

ራዲያተሩ ሌላ ነው። ራዲያተር ውስጥ ሙቀቱ በተከታታይ ሁለት በር ያልፋል፦ ከውሃው ወደ ቱቦው፣ ከክንፉ ወደ አየሩ። ጠባቡ በር የአየሩ ነው። ውሃው ሲዘገይ የሚረዱ ባለስርጉድ ቱቦዎች በእርግጥ ይሠራሉ። ነገር ግን የውሃውን በር እጥፍ ብታሰፉት የአየሩ በር እስካልሰፋ ድረስ ለውጡ ትንሽ ነው። አቧራና ጭቃ የደፈነውን የራዲያተር ፊት ማጠብ ይበልጣል።

ጽሑፉ ላይ እንደ ማስረጃ የቀረበው የማይዝግ ብረት ጋን ፎቶም መታረም አለበት። ጋኑ ላይ ያለው ረድፍ ስርጉድ በዋናነት ለሙቀት ተብሎ የተሠራ አይደለም። በቢራና በወተት ፋብሪካ ጋን ላይ ስስ ላሜራ ከውጭ ይለበጥና በየነጥቡ ከጋኑ ጋር ይበየዳል። ስርጉድ የሚመስለው ብየዳው ያለበት ነጥብ ነው። ቀዝቃዛው ፈሳሽ በመሃሉ ይዞራል። ነጥቦቹ ስሱ ላሜራ ግፊቱን እንዲችል ያደርጉታል። ፈሳሹን ማማሰላቸው ተጨማሪ ጥቅም ነው። ቢራው የሚነካው የውስጥ ገጽ ግን ለስላሳ ነው፤ እንዲታጠብ።

«ለድስትም ይሆናል»

አይመስለኝም። ከድስት ሥር ያለው የእሳት ጋዝ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። በዚያ ዝግታ ስርጉድ የሚያናውጠው ነገር ጥቂት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገጽ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጄት ሞተር ማቀዝቀዣ ላይ የሚሠራው ቶማስ ፖቪ ነዳጅ ቆጣቢ ድስት ሲነድፍ ከጎኑ ክንፎች አወጣለት። በ2014 ለገበያ ሲቀርብ 40 በመቶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል ተብሎ ነበር። የሙቀትን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሰው ለድስት የመረጠው ክንፍ ነው።

ጸሐፊው አሁንም ፕላስቲኩ ይሠራል የሚሉ ከሆነ ርካሽ መፈተኛ አለ። ሜዳ የሆነና መኪና የማይበዛበት መንገድ ይመረጥ። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሚኒባሱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይደርስና ማርሹ ፎሌ ይደረግ። ፍጥነቱ ወደ 60 እስኪወርድ የወሰደው ጊዜ በሰከንድ ይመዝገብ። በሁለቱም አቅጣጫ ይደገም። ከዚያ ፕላስቲኩ ተለጥፎ እንደገና፣ ተነስቶ እንደገና ይለካ። ጎማው፣ ክብደቱና ሾፌሩ አይለወጡ። የአየሩ ተቃውሞ ከቀነሰ ሰዓቱ ይረዝማል። ቁጥሩን ያውጡትና አብረን እንየው።